እሑድ የሞላነው ጉድጓድ

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ጉድጓዱን በገዛ አካፋዬ መሙላቴ ነው። ኮልፌ፣ ከሰፈራችን ሥር ያለውን ወንዝ አሸዋ አውጪዎች ሲቦረቡሩት የጎረቤቴ የእትዬ አስካለ ማድቤት ገደል አፋፍ ላይ ቀረ። አቤት ብንል ብንል በመጨረሻ ቁፋሮው ለጊዜው ቆመና "ጉዳቱን የሚያጠና ባለሙያ ሰኞ ይመጣል" ተባልን። እሑድ ጠዋት የቀበሌው ሊቀመንበር ጥሩምባ አስነፋና ነዋሪውን ለዘመቻ ጠራ። "ነገ እንግዳ አለብን፤ ጉድጓዱ ይሞላ፣ ቀበሌያችንን አታሰድቡ!" በደርግ ዘመን ከዘመቻ ማን ይቀራል? አፈር ስንደፋ ዋልን። እትዬ አስካለ ራሳቸው በቅርጫት እያቀበሉን!

ሰኞ ባለሙያው መጣና ትናንት የሞላነው አፈር ላይ ቆሞ "ዳርቻው ደህና ነው" ብሎ ጻፈ። ደሜ ፈላ። "ጓድ፣ የቆሙበት እኮ ጉድጓድ ነው! ትናንት የሞላነው እኛ ነን!" አልኩት። ሊቀመንበሩ አፈጠጠብኝ። ባለሙያው ግን ፈገግ ብሎ፣ "ግሩም ነው! ኅብረተሰቡ ዳርቻውን በዘመቻ ይንከባከባል ብዬ እጨምርበታለሁ" አለኝ። ጨመረበትም! በማግስቱ የአሸዋ መኪኖቹ ተመልሰው ወንዙ ውስጥ ገቡ።

የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ አፈራችንን ጠርጎ ማድቤቱን ከነጉልቻው ይዞት ሄደ። ሮጬ ስደርስ እትዬ አስካለ አፋፉ ላይ ቆመዋል። "አይዞዎት፣ እንደገና እናመለክታለን" አልኳቸው።

"ተው ልጄ" አሉኝ ዞረው እንኳ ሳያዩኝ፤ "ደግሞ መጥተው እንዳያጠኑት። የቀረኝ ቤቱ ብቻ ነው።"