የቀበሮው ጸሎት

«እማዬ፣ ቲቸሬ ለምን ትዋሻለች?» አለችኝ የስድስት ዓመቷ ልጄ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ። እዚህ አሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ላይብረሪ ተውሼ የማነብላትን፣ ሽፋኑ ላይ የሽልማት ሜዳልያ ያለበትን የድሮ የሥዕል መጽሐፍ ቲቸሯም ለክፍሉ ልጆች አንብባላቸው ኖሯል። «ቀበሮው ተኝቷል አለች። ዓይኑን የጨፈነው እየጸለየ ነው፣ ተሳስተሻል አልኳት። ልጆቹ ሳቁብኝ።» ክው አልኩ። እንግሊዝኛው ስለሚከብደኝ ሥዕሉን እያየሁ ከራሴ ነበር የምተርክላት።

«ቲቸርሽ ልክ ናት። ማንበብ አቅቶኝ የፈጠርኩት ነው፤ ይቅር በይኝ» አልኳት። እንባ አቅርራ፣ «ታዲያ ቀበሮው አይጸልይም?» አለች። «እኛ እንጸልይለታለን» አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት ከሥራ አስፈቅጄ ክፍሏ ድረስ ሄድኩና፣ በዚያችው እንግሊዝኛዬ፣ ልጆቹ ሁሉ እየሰሙ፣ «ሶሪ ቲቸር፣ ቀበሮውን ያስጸለይኩት እኔ ነኝ» አልኳት።