ሁለት ቸርኬ ያላት ብስክሌት

የእኔና የጓደኛዬ የሳልህ ብስክሌት ተዋጥቶ የተሠራች ነበረች። አካሏን አሰብ ወደብ አጠገብ ከተጣለ ብረት መሃል አብረን አገኘነው፤ የፊቱን ቸርኬ እኔ አመጣሁ፣ የኋላውን እሱ። ቀን ተከፋፍለን ስንነዳት አንድ አርብ ለሁለታችንም አስፈለገችን፤ እሱ መስጊድ ሊሄድባት፣ እኔ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ልሸከም። «በቃ፣ ቸርኬዬን ፈትቼ እወስዳለሁ» ብዬ መፍቻ አነሳሁ። ሳልህ «ዳኛ ሳይሰማን አይፈታም» አለና ወደ ሳይንስ አስተማሪው ጎረቤታችን ወደ ጋሼ ታደሰ ደጅ ጎተተኝ።

ጋሼ ታደሰ ሽርጣቸውን እንዳገለደሙ ሁለታችንንም ሰሙን። «የሃይድሮጅን አቶም ያለው አንድ ኤሌክትሮን ነው፤ እንዲረጋ ግን ሁለት ያስፈልገዋል። ጓደኛውም እንደሱው ነው። ጉልበታቸው እኩል ስለሆነ አንዱ የሌላውን ቀምቶ አይሄድም። አንድ አንድ ያዋጡና ሁለቱን መሃላቸው አድርገው አብረው ይይዛሉ» አሉን።

«ታዲያ አርብ የማን ነው?» አልኳቸው። ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ለእንዲህ ያለው ነገር ትዕግሥት አጥቼ ነው።

«ተራ የላቸውም። አብረው እስካሉ እያንዳንዳቸው ሁልጊዜ ሁለት አላቸው። ከተለያዩ ግን ለየራሳቸው አንድ ይቀራል።»

ሳልህ ትንሽ አሰበና፣ «ያ ኡስታዝ፣ ጎማው ሲተነፍስስ ማን ይለጥፈዋል?» ብሎ አስተማሪውን ጠየቀ።

«እሱ መጽሐፉ ላይ የለም» ብለው ሳቁ።

መፍቻውን ኪሴ ከተትኩ። እኔ እየነዳሁ፣ እሱ ፊት ለፊቴ ብረቱ ላይ ተቀምጦ መጀመሪያ መስጊድ፣ ከዚያ አውሮፕላን ማረፊያ ሄድን። በማግስቱ ጠዋት ብቅ ስል ሳልህ ብስክሌቷን ገልብጦ ጎማ ይለጥፋል። የፊቱን፣ የእኔን ነበር።