ሙሰዓብ ያሳየን መናፈሻ

— ሄሎ… ወዐለይኩሙሰላም። ባሽር ነህ? … ዙሀራ ነኝ እንጂ፣ የእህትህን ስልክ ሌላ ማን ያነሣል ብለህ ነው? … ትሰማኛለህ? ይቆራረጣል። የዛሪማ ኔትወርክ እንዲህ ነው፣ ወደ ደጅ ወጣ በል እስቲ።

— አሁን ይሰማል። … አዎ፣ ትናንት አመሻሽ ላይ ከጎንደር ተመልሰን ደባርቅ ገባን። ልጅህ ሳጂዳም ደህና ናት፣ ጓዳ ናት። ሊያገባት የጠየቀውን ልጅ፣ ሙሰዓብንም አየነው። … አውቃለሁ፣ ሽማግሌዎቹ ሐሙስ ይመጣሉ፣ የእኔን ቃል ነው የምትጠብቀው። ግን መጀመሪያ ጉዱን ስማ።

— የት ቢወስደን ጥሩ ነው? … የምን የእናቱ ቤት! መናፈሻ ወሰደን። እኔ የሄድኩት ወላጆቹን ለማየት፣ ጓዳቸውን ለማየት፣ እሱ መናፈሻ ያስጎበኘኛል። … አዎ፣ እሱ የሚሠራበት፣ ያ ስሙ የገነነ አርክቴክት የነደፈው። ፈረንጅ ሳይቀር ሊያየው ይመጣል አለን። ታዲያ ፈረንጅ አያገባም ነበር?

— ምን አለው? ሲሚንቶ አለው። ሣሩ አይረገጥም። ውኃው አይነካም፤ ለቀትር ሶላት ታጥቤ ውዱእ ላደርግ ጎንበስ ብል ዘበኛው ፊሽካ ነፋብኝ። ዛፎቹ በእንጨት ተደግፈው የቆሙ ጭራሮ ናቸው። ሙሰዓብን ጥላው የታለ ብለው፣ ንድፉ ላይ አለ አለኝ። ፀሐይ አናቴን እየበሳው ንድፍ ይነግረኛል።

— ቆየኝማ… አልጣሽ፣ ገብሱን ከላይ ከላይ አትይው፣ እጅሽን ሰደድ አድርገሽ ከታች አውጪ፣ መጣሁ… ደንበኛዬ ናት። የት ደረስኩልህ?

— እ… ወደ ውስጥ ስንዘልቅ ጠፍጣፋ ድንጋይ በረድፍ ተጋድሟል፣ ቁመቱ የሰው ልክ። በየራስጌው ደግሞ ትንሽ ድንጋይ ቆሟል። አንተ ብትሆን ምን ትላለህ? … መቃብር። እኔም መቃብር ነው አልኩ። ወጣቱ ላዩ ላይ ተዘርፍጦ ቺፕስ ይበላል። ወጋችን ነው፣ ቆሜ ሙታኑን ሰላም አልኩ፣ እጄን ዘርግቼ ዱዓ አደረግሁላቸው። ከዚያ አንዷን፣ ከሰው አባት ላይ ተነሺ አልኳት።

— መቀመጫ ነው፣ ባሽር። ወላሂ መቀመጫ ነው። ራስጌው ላይ የቆመው መብራት ነው አሉኝ። ትልቅ ሰው ዓመት ሙሉ አስቦ ሰውን መቃብር ላይ ሊያስቀምጥ!

— ሳቅ፣ ግዴለም። መናፈሻው ሙሉ ሲስቅ ነበር፣ በስልክም ቀረጹኝ። እሱስ ይሁን።

— ሙሰዓብማ ፈንጠር ብሎ ቆመ። አብሮኝ እንዳልመጣ ሁሉ ሰማይ ሰማይ ያያል። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች እያዩት ነበር። … ቆይ፣ ልጄን አልሰጥም ለማለት አትቸኩል። እኔም በልቤ ብያለሁ፣ ዛሬ በእኔ ያፈረ ነገ በልጃችን ያፍራል ብያለሁ። ግን ጨርሼ ልንገርህ።

— ዘበኛው መጣ። ሳጂዳ ከልጁ አጠገብ ነበረች። «እናትሽ ናቸው?» አላት። … ሂጃቧን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

— የእኛዋ ሳጂዳ፣ አዎ። እናቷ ስትሞትባት በጨቅላነቷ የተቀበልኳት፣ በጀርባዬ አዝዬ እህል እየሰፈርኩ ያሳደግኋት።

— አልተቆጣሁም። ከፋኝ እንጂ፣ በጣም ከፋኝ ወንድሜ። ሌሊቱን አልተኛሁም።

— እንግዲህ ስጠው። … ሰምተሃል፣ ስጠው ነው ያልኩህ። ልጁ ከእሷ የባሰ ምን አጠፋ? እኔ እንደሆነ እሱንም መናፈሻውንም አልወደድኩም፣ እነሱ ግን ተስማምተዋል። ሐሙስ እሺ በላቸው።

— ምን አልክ? … በሠርጉ በእናት ቦታ ማን ይቀመጣል? እሱን እኔን አትጠይቀኝ። … ሳጂዳ! ነይ እስቲ። አባትሽ፣ በእናትሽ ቦታ ማን ይቀመጥ ይልሻል። ያዢ፣ ስልኩን ያዢና ንገሪው።

— … ሄሎ፣ እኔ ነኝ። ስልኩን መልሳ ሰጠችኝ፣ ቆማ ታለቅሳለች። … እኔ እንጃ ባሽር። በል ልዝጋው።