ከገደሉ ያልመጣው ቅርንጫፍ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፤ የሟች እህት፣ እመቤቴ፤ የመሥሪያ ቤቱ አለቆች፤ ጎረቤቶቹም። ቆማችሁ ነው የምትሰሙኝ፤ አላንዛዛም። ፊደል አልቆጠርኩም፣ በወረቀት የያዝኩት ነገር የለም። የምለውን ግን ይቺ የሄርባሪየሙ፣ የደረቀ ቅጠል ማኖሪያው ቤት ጠባቂ ትጽፈዋለች። ልጄ፣ ላሳምረው ብለሽ እንዳትነካኪብኝ። እንደ ሻከረ ጻፊው።

የተማረ ሰው ነው፤ አንቱ ማለት ነበረብኝ። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ጓዙን ተሸክሜ፣ መንገድ እየመራሁ፣ አንተ ስለው ኖሬያለሁ። ዛሬ ስለሞተ አንቱ ብለው፣ ማንን ነው የምትጠራው ይለኛል።

እዚህ የቆምኩት ላወድሰው ብቻ አይደለም። ይህን ሰው አንድ ጊዜ ዋሽቼዋለሁ። በሥራው ነው የዋሸሁት። አፈር ሳይለብስ በሰው ፊት ላወጣው ነው።

ሥራውን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ያ ነጭ አበባ፣ ጥቁር ፍሬ ያለው፣ ሰው ሁሉ ለአጥር የሚተክለው ቁጥቋጦ የለም? በየግቢያችሁ አለ። እነሱ ሊጉስትረም ይሉታል። እኔ የአጥር ቁጥቋጦ ስለው ይናደድ ነበር። "አጥር ሳይኖር በፊት እሱ ነበረ!" ይለኛል። ዕድሜውን የጨረሰው የአገሩን ዘር፣ ማንም ሳይተክለው በዱር የበቀለውን ሲፈልግ ነው። ሲያገኝ አንድ ቅርንጫፍ ይቆርጣል። በጋዜጣ መሃል ያደርቃል። በወፍራም ወረቀት ላይ ይለጥፋል። ከሥሩ የት እንደተገኘ፣ ማን እንዳመጣው ይጽፋል። ሁለት መቶ አሥራ አራት ወረቀት። ሀብቱ ይኸው ነው።

እመቤቴ፣ ጋዜጣ ከእጅዎ ሲነጥቅዎት አይረሱትም። "ኧረ አንብቤ ልጨርስ!" ሲሉት፣ "ዜናው አይጠወልግም፣ ቅጠሉ ነው የሚጠወልገው" ይልዎት ነበር። ፍራሹ ሥር ሳይቀር ቅጠል ነበር። ለምን አላገባም ትላላችሁ? የት ላይ ሊያስተኛት?

አንድ ቀን የአንድ መሥሪያ ቤት አጥር ሥር ተንበርክኮ ለጋውን ቅርንጫፍ በከንፈሩ ይዳስሳል። የአገሩ ዘር ለጋው ላይ ዓይን የማያየው ጸጉር አለው፤ ከውጭ የመጣው ልሙጥ ነው። ጣት አይለየውም። ከንፈር ይለየዋል። ዘበኛው መጣ።

"ሰውዬ፣ ምን ጠፋዎት?"

"ጸጉር።"

"የማን ጸጉር?"

"የእሱ" አለ፣ ቅርንጫፉን እያሳየ።

ዘበኛው ወደ እኔ ዞረ። "አባት፣ ቤተሰባቸው ነዎት? በሉ ይውሰዷቸው።" እኔ ልወስደው ስነሳ፣ እሱ ዘበኛውን "እስኪ አንተም ሳመው" አይለው መሰላችሁ! ሳመውኮ! "እውነትም አለው" አለና ቁጭ አለ።

ከንፈር የሚነግረው ግን ዘሩን ነው። ሰው ተክሎት ይሁን ራሱ በቅሎ አይነግርም። እሱን የሚነግረው ያመጣው ሰው አፍ ነው። ገባችሁ? ያ ሁሉ ወረቀት የቆመው በሰው ቃል ላይ ነው። በእኔ ቃል!

እኔስ ምን አደረግሁ? አሥራ ስምንት ዓመት ሆነው። "ገደሉ ላይ ማንም ያልተከለው አለ ይባላል፤ አይተህ አምጣልኝ" ብሎ ብቻዬን ላከኝ። ግማሽ መንገድ ወጣሁ። ጉልበቴ እምቢ አለ። ደከመኝ ማለት ሞት መሰለኝ። እኔ? ዳገት መልሶኝ የማያውቅ ሰው? ወረድኩና ከወፍጮ ቤቱ አጥር አንድ ቅርንጫፍ ቆርጬ ሰጠሁት።

"ከገደሉ ነው?" አለኝ።

"ከገደሉ ነው" አልኩት።

አገላብጦ አየው። በከንፈሩ ነካው። "እግዜር ይስጥህ" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ብቻዬን ልኮኝ አያውቅም። ዕድሜዬን አክብሮ ነው ብዬ ኮራሁ።

ማክሰኞ ዕለት መሞቱን ስሰማ እርስዎ ዘንድ እንኳ አልደረስኩም፣ እመቤቴ። በቀጥታ ሄርባሪየሙ ሄድኩ። የናፍታሊኑ ሽታ እንዳለ ነው። ሹራቡ ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ይቺን ልጅ "ያንን ወረቀት አውጪና ቅደጂው" አልኳት። አወጣችው። ቅርንጫፉን አወቅሁት። ጽሑፉን ግን አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሳየው አስነብቤው አላውቅም። እስኪ ምን ይላል አልኳት። አነበበችልኝ።

"ከወፍጮ ቤቱ አጥር። በሰው የተተከለ። በመቀስ ሲከረከም የኖረ።" ያመጣው ሰው ስም፣ የእኔ። ቀኑ፣ እኔ ከሰጠሁት በማግስቱ። ከሥሩ ደግሞ፣ "ገደሉ ገና አልታየም።"

የመቀሱን ጠባሳ ያኔውኑ አይቶታል። በማግስቱ ሄዶ አጥሩን ራሱን አግኝቷል። ከዚያ አሥራ ስምንት ዓመት ከእኔ ጋር በላ፣ ጠጣ፣ ዳገት ወጣ። አንድ ቀን አልተነፈሰም።

ምነው አልነገርከኝም? ምነው አልሰደብከኝም? እኔ ብሆን እሰድብህ ነበር! ራርተህልኝ ነው? ወይስ ይሄ ከእንግዲህ አይታመንም ብለህ ትተኸኝ? ጎን ለጎን ስንሄድ እኔ ውሸቴን ይዤ፣ አንተ ማወቅህን ይዘህ፣ ለካ ለየብቻችን ነበርን። አራት ቀን ሙሉ ስጠይቅህ ሰነበትኩ። መልሱን የሚያውቅ ካንተ ሌላ ሰው የለም።

ጻፊ፣ ልጄ። ወረቀቱ አይቀደድም። ሰማንያ ሊሞላኝ ነው፤ ጉልበቴም ከያኔው ብሷል። ሰኞ ግን ወደ ገደሉ እወጣለሁ። በዳዴም ቢሆን። ካለ፣ አለ ትያለሽ። ከሌለ፣ የለም ትያለሽ። ካልደረስኩ፣ እየሰማሽ ነው? ካልደረስኩ "ደክሞት ተመለሰ" ብለሽ በስሜ ትጽፊያለሽ።

ወንድሜ፣ አላስቆማቸውም፤ አፈሩን ያልብሱህ። ከእንግዲህ አብሮኝ የሚወጣ የለም። አምነህ ብቻዬን እንደ ላክኸኝ እቆጥረዋለሁ።

ደህና ሁን።