መቆምም ትምህርት ነው

በመድኃኒት ቤቴ ባንኮኒ ፊት ብዙ ክርክር ሰምቻለሁ፤ የዚያን ቀኑ ግን ከሁሉም ይለያል። የሰፈራችን የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን አሰልጣኝ በቡድኑ ውስጥ ለምትጫወት ልጃቸው የጉልበት ቅባት ሊገዙ መጥተው ሳለ አንዲት ወጣት ገባችና «ጋሼ!» ብላ አቅፋ ሳመቻቸው። ድሮ ያሰለጠኗት ልጅ ናት፤ አሁን የስፖርት ሳይንስ ተምራ ተመልሳለች።

«ማን ታሞ ነው?» አለች ቅባቱን አይታ።

«ልጄ ናት። ሜዳ ስትዞር ጉልበቷ አበጠ። የዛሬ ልጆች ትንሽ ሲነኳቸው ወገቤ፣ ጉልበቴ ነው። ግማሽ ፍጻሜው ደርሷል፤ ሩጫውን እጨምራለሁ እንጂ አልቀንስም።»

«አይቆጡኝና ጋሼ፣ ጨዋታው እኮ ሜዳ መዞር አይደለም። መፈትለክ ነው፣ ድንገት መቆም ነው፣ ዘሎ ማረፍ ነው። ጉልበቷን አጠፍ፣ ዳሌዋን ዝቅ አድርጋ መቆም ያልተማረችን ልጅ ሩጪ ብቻ ማለት ፍሬን የሌለው መኪና መንዳት ነው።»

«እኔን ማን መቆም አስተማረኝ? በልምምድ ሰዓት ውሃ እንኳ አንቀምስም ነበር። ይኸው ቆሜያለሁ!» አሉ፣ ባንኮኒዬን ተደግፈው።

ሳቄን ዋጥ አደረግሁ።

«አንቺም ብትሆኚ» ሲሉ ቀጠሉ፣ «ስንት ተስፋ ጥዬብሽ ሰነፍሽና ተውሽው።»

ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አልሰነፍኩም ጋሼ። የጉልበቴ ጅማት ተበጥሶ ነው።»

«ምን? ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አመመኝ ያለችውን ሁሉ ለገመች ይሉ ነበራ! ማን ደፍሮ ይንገርዎት? ግን አልተቀየምኩም። የሚያውቁትን ሳይሰስቱ ሰጥተውኛል።»

እልኸኛ ሰው ሲረታ ይቆጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን የያዙትን ቅባት አየት አድርገው፣ «ልጄም ፈርታኝ ይሆናላ» አሉ። ከዚያም፣ «ነገ ሜዳ ነይልኝ» ብለዋት ወጡ።

ልጃቸውን ሐኪም አያትና እረፍት አዘዘላት። ቡድኑ ያለ እሷ ተሰልፎ ተሸነፈ። «ሽማግሌው የትናንት ልጅ ሰምቶ ጉድ አደረገን» ብሎ ያላማቸው አልነበረም፤ እሳቸው ግን ወደ ኋላ አላሉም። ሜዳ መዞሩ ቀረ። በወጣቷ መሪነት ልጆቹ ከኳስ ጋር አጭር አጭር መሮጥ፣ በትንንሽ እርምጃ ፍጥነት መቀነስ፣ ድምፅ ሳያሰሙ ማረፍ፣ መሀል ላይ ውሃ ጠጥተው ትንፋሽ መሰብሰብ ተማሩ። በየልምምዱ መጀመሪያ ደግሞ አሰልጣኙ ራሳቸው «የት ጋ ያማችኋል?» ብለው ይጠይቁ ጀመር።

በሚቀጥለው ዓመት ጨዋታቸውን አየሁ። ተጋጣሚዎቻቸው መጨረሻው ላይ ወገባቸውን ይዘው ሲያለከልኩ የእኛዎቹ ገና ትኩስ ነበሩ። ጉልበታቸውን በከንቱ ስለማያባክኑ፣ በቁመት የሚበልጧቸውን በመጀመሪያዋ እርምጃ ይቀድሟቸዋል። ጉዳት ስለቀነሰም አሰልጣኙ የሚያሰልፉት ሰው አያጡም። ሰውነትን ማድመጥ ስንፍና እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ አላውቅም።

ሰዉ በደስታ ሲጮህ አሰልጣኙ ወደ ቀድሞ ተጫዋቻቸው ዞር አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ያኔ ይህን ባውቅ ኖሮ አንቺም እዚህ ሜዳ ላይ ነበርሽ።»

«እዚሁ ነኝ እኮ ጋሼ» አለቻቸው።