የተደበቀው ስላይድ

ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ወደ ደብረ ታቦር በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠ ወጣት የግብርና ባለሙያ ላፕቶፑን ከፍቶ አጠገቡ ላሉት ቄስ ያሳያል።

«ይኸው አባ፣ በረዶ የመታው ገብሳችሁ።»

«የኔው ማሳ ነው! ደብረ ታቦር ለሚደረገው ስብሰባ ልታሳይልን ነው?»

«ስላይዱ በዛ፣ አሥር ይበቃል ተባልኩ። የእናንተን ደበቅኩት።»

«አጠፋኸው?»

«ኧረ አላጠፋሁትም፤ ፋይሉ ውስጥ አለ። ሳቀርብ ግን ላፕቶፑ ዘሎት ያልፋል።»

«በሱ ፈንታስ ምን አስገባህ?»

«የስንዴ ክላስተሩን፣ ኩታ ገጠሙን ማሳ። ቪዲዮ ስላለው ያምራል።»

«ለዘር የሚሆን እንኳ አልተረፈንም እኮ፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ፣ አባ። ስለ በረዶው የጠየቀ ካለ፣ የስላይዱን ቁጥር ተጭኜ አወጣዋለሁ።»

«የሚጠይቅ ከሌለስ?»

ወጣቱ ላፕቶፑን ከደነው።

ለዚያው ስብሰባ የተጠራሁበትን ደብዳቤ ከኪሴ አወጣሁና፣ አጥፌ መልሼ ከተትኩት።