ዋሴ የአባቴ ባላጋራ

ከደባርቅ ወደ ጎንደር በሚወርደው አውቶቡስ፣ ከፊቴ አንድ ሽማግሌና ሻንጣ ያቀፈ ወጣት ተቀምጠው ነበር።

«ወዴት ነህ ልጄ?»

«ውጭ አገር፣ ለትምህርት። አያ፣ መውጫ ቪዛ ተከልክዬ ልቀር ነበር እኮ።»

«ምነው?»

«‹ለመመለስህ ዋስ ጥራ› አሉኝ። አባቴ ሞቷል፤ ዘመዶቼም ፈሩ።»

«ታዲያ ማን ቆመልህ?»

«በወሰን ከአባቴ ጋር ሲሟገት የኖረው ጎረቤታችን።»

«አትቀልድ! እሱማ ውጭ ብትቀርለት መሬታችሁን ይገፋ የለ!»

«እኔም ይህንኑ አልኩት። ‹አባትህ ሞተብኝ፤ አንተም ከቀረህ ከማን ጋር ልሟገት?› አለኝ።»

ሽማግሌው ሳቁ። «ሸጋ ባላጋራ ነው!»

«‹እስክትመለስ የወሰኑን ድንጋይ አልነካም› ብሎ ማለልኝ። ዛሬም ሻንጣዬን ተሸክሞ እስከ መኪናው የሸኘኝ እሱ ነው። ውለታውን በምን ልክፈለው?»

«ተመልሰህ ሞግተው።»

እኔ ኮሶዬ የምትባለውን መንደር እስክናልፍ ድረስ በመስኮቱ በየእርሻው ዳር የተተከሉትን የወሰን ድንጋዮች ስመለከት ቆየሁ።